የብርጓል ጣቶችና የሚስማሩ ሽጉጥ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከአብማ ማርያም በታች ባለው ሰፈር፣ ዘመነ የሚባል አናጢና የብርጓል የምትባል ሚስቱ ይኖራሉ። ሰፈርተኛው ስለ እነሱ ሲያወራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሳው አሠራራቸውን ነው። የትም አገር ያለ አናጢ ሚስማሩን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ይመታል። እነዚህ ባልና ሚስት ግን አንድ ሚስማር ለሁለት ነው የሚመቱት። የብርጓል ሚስማሩን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ቆንጥጣ እንጨቱ ላይ ታቆመዋለች፤ ዘመነ በግራ እጁ እንጨቱን ተጭኖ መዶሻውን ያወርዳል። በመጀመሪያው ምት ሚስማሩ ይቆማል፤ እሷ ጣቷን ታነሳለች፤ በሁለተኛው ምት ራሱ ከእንጨቱ እኩል ይሆናል። ያን ጊዜ ሌላው ሚስማር ከከንፈሯ ወጥቶ ጣቷ ላይ ደርሷል።

ይህን አሠራር ማን እንደ ጀመረው በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ዘመነ «በተጋባን ዓመት ነው፤ ግራ እጄን መጋዝ ነክሶኝ በጨርቅ ታስሮ ሳለ» ይላል። የብርጓል ደግሞ «ውሸቱን ነው። ብቻውን ሲመታ ሚስማር ሲያጣምም እያየሁ መታገስ አቃተኝና ገባሁበት» ትላለች። ጎረቤት ብዙ ጊዜ ጠይቋቸዋል፤ ሁለቱም ቃላቸውን አልለወጡም። የተረጋገጠው ነገር አንድ ነው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ መዶሻው ጣቷን ነክቶት አያውቅም ነበር።

ቄስ ኪዳነ ማርያም አንድ ቀን የእመቤታችንን ሥዕል ክፈፍ ሊያሠሩ መጥተው በር ላይ ቆመው ሲያዩ፣ መዶሻው በወረደ ቁጥር ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። በመጨረሻ አማተቡና «እመት የብርጓል፣ እንዲህ ያለ እምነት እኛ ዘንድ ቢገኝ የጮቄን ተራራ ከቦታው ባነቃነቅነው ነበር» አሏት። የብርጓል አፏ ሚስማር ስለ ሞላ መልስ መስጠት አልቻለችም፤ ሳቋ በአፍንጫዋ ወጣ።

ሥራቸው ብዙ ዓይነት ነው። የሥዕል ክፈፍ፣ የመጻሕፍት አትሮንስ፣ በርጩማ፣ የዕቃ መደርደሪያ። ከሁሉ የሚታወቁት ግን በንብ ቀፎ ነው፤ ሰው የፈረንጅ ቀፎ በሚለው፣ ሣጥን በሚመስለው። ሣጥኑ ቀላል ነው፤ ማንም ይገጥመዋል። ጭንቁ ያለው ውስጡ በሚንጠለጠሉት ፍሬሞች ላይ ነው። ፍሬም ማለት ንቧ ሰሟን የምትሠራበት፣ ከጣት ባልወፈረ እንጨት የሚገጣጠም ባለ አራት ማዕዘን ነገር ነው። ሚስማሩ ከወፈረ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ከተዛነፈም ንቧ ፍሬሙን ከቀፎው ግድግዳ ጋር ታጣብቀዋለች፤ ባለ ንቡ ማሩን አወጣለሁ ሲል እጁ ላይ ይበተናል። ስለዚህ ደቃቅ ሚስማር በደቃቅ እንጨት ላይ ቀጥ ብሎ መግባት አለበት። ይህን ለማድረግ አራት እጅና ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ቢያንስ እነሱ እንዲያ ያምኑ ነበር።

የዘመነ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው ካቻምና ክረምት ነው። መጀመሪያ ብርጭቆ ሲያነሳ ታየ። ሐኪም ቤት ሄዶ «የነርቭ ነው» ተባለ፤ መድኃኒት ተሰጠው። ጠበልም ገባ። ጠበሉም መድኃኒቱም የሚችሉትን አደረጉ፤ መንቀጥቀጡ ቀነሰ እንጂ አልሄደም። መዶሻ ሲያነሳ ግን እጁ ይረጋ ስለ ነበር ባልና ሚስቱ ነገሩን ረስተው መሥራታቸውን ቀጠሉ።

ባለፈው ግንቦት ምናለ የተባለ የደምበጫ ባለ ንብ የዋንዛ ጣውላ በጋሪ አስጭኖ አመጣ። በመስከረም አደይ ሲፈነዳና ንቡ ሲራባ የሚገባበት ፍሬም ይሠራለት ዘንድ ነው። ሥራው በተጀመረ በሳምንቱ ለደቃቁ ሚስማር ያነሳው ቀላሉ መዶሻ እጁ ላይ ተወዛወዘና የብርጓልን አውራ ጣት መታው።

አልጮኸችም። አፏ ውስጥ ያሉትን ሚስማሮች እንዳትውጣቸው መጀመሪያ መዳፏ ላይ ተፋቻቸው፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ዘመነ መዶሻውን ወደ ዕቃ ሣጥኑ አልመለሰውም። ተንጠራርቶ ከጣሪያው ሥር፣ ከወራጁ እንጨት በላይ አስቀመጠው።

«ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ። እግዚአብሔር ምልክቱን አሳየኝ» አለ።

«ምልክቱን ያየው የእኔ ጣት ነው። አንተ ምን ቤት ነህ?» አለችው፣ እንዲስቅላት ብላ።

አልሳቀም።

ጥፍሯ ጠቁሮ ወደቀ፤ ሌላ ይበቅልላት ጀመር። ዘመነ ግን እንደ ተቀመጠ ቀረ። እጁን ጋቢው ውስጥ ሸሽጎ ፀሐይ ባለበት በኩል ይውላል። «ምናለን ጥሪውና ጣውላውን ለሌላ ሰው ያሠራው» ይላታል። እሷ «እሺ» ትልና አትጠራም። ያስጨነቃት መዶሻውን መስቀሉ ብቻ አይደለም፤ እንጨት ማየት ማቆሙ ነው። ይህ ሰው ለቅሶ ቤት ሄዶ የሬሳ ሣጥን ፊት ቆሞ ሲያለቅስ እንኳ ማዕዘኑ በትክክል መገጠሙን በዓይኑ የሚመረምር ሰው ነበር። አሁን አዲስ የተሰቀለ በር አጠገብ ሲያልፍ ቀና ብሎ አያይም። ሰው ሲሞት ይለቀስለታል፤ ሰው በቁሙ ከሥራው ሲለይ ግን ድንኳን የሚጥልለት የለም። የብርጓል ይህንን ብቻዋን ታለቅሰው ነበር። መስከረም ሳይጠባ ባሏን ወደ እንጨቱ ካልመለሰችው እንደማይመለስ ልቧ አውቋል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከእህል ወፍጮ ስትመለስ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሶፋ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ጧ! ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማች። ዛሬ ዛሬ እንዲህ ያለ ድምፅ የሰማ ሰው ወደ ግድግዳ ይጠጋል፤ እሷም ተጠጋች። ባለ ቤቱ ጌቾ በበሩ ብቅ ብሎ አያት።

«አይዞዎት እትዬ የብርጓል! ሚስማር ነው የምተኩሰው።»

«ሚስማር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ይተኮሳል?»

«ይግቡና ይዩዋ። ጋሼ ዘመነ ቢያዩ መዶሻቸውን ለሙዚየም ነው የሚሰጡት።»

የዱቄት ከረጢቷን በር ላይ አስቀምጣ ገባች። ጌቾ ከኋላው የጎማ ቱቦ የተቀጠለበት፣ ሽጉጥ የመሰለ ነገር ይዟል። ቱቦው ጎሚስታዎች ጎማ በሚነፉበት ዓይነት የአየር ሞተር ላይ ተሰክቷል። የመሣሪያውን አፍንጫ እንጨቱ ላይ ገፋ አደረገውና ቃታውን ሳበ። ጧ! የብርጓል ጎንበስ ብላ አየች። የሚታይ ሚስማር የለም። በጣቷ ስትዳብስ የቁንጫ ንክሻ የምታህል ነጥብ አገኘች።

«የታለ ሚስማሩ?»

«ገባ።»

«መቼ ገባ?»

«ድምፁን ሲሰሙት ገብቶ ነበር።»

ሁለቱን እንጨቶች ይዛ ለማላቀቅ ታገለች፤ አልተላቀቁም። ዕድሜዋን ሙሉ ሚስማር ወደ እንጨት ሲገባ ከማንም ሰው አቅርባ ያየች ሴት ናት፤ ሲገባ ያላየችው ሚስማር ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ለእሷ ከሁሉ የሚያስጨንቀውን ጥያቄ ጠየቀች።

«ማን ያዘልህ?»

«ምኑን?»

«ሚስማሩን።»

ጌቾ ጥያቄው አልገባውም። «ማንም» አላት።

ዱቄቷን ተሸክማ ቤቷ እስክትደርስ ያ «ማንም» የሚለው ቃል ከጆሮዋ አልወጣም። ደስ አላት፤ ከፋትም። የትኛው እንደሚበልጥ ለራሷም አልታወቃት።

ማታውን እራት አቅርባ «ሽጉጥ እንግዛ» አለችው።

ዘመነ ጉርሻውን ይዞ ቀረ። «ቀስ በይ አንቺ ሴት! ጎረቤት ሰምቶ ሌላ ነገር እንዲያወራ ነው?»

«የሚስማር ሽጉጥ ነው። ጌቾ ቤት አየሁ። መዶሻ የለ፣ የሚይዝ ሰው የለ። ጧ ሲል አልቋል።»

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። እኔ ሶፋ ሠሪ ነኝ እንዴ?»

«ሶፋ ሠሪስ አይደለህም። አሁንማ ምንም ሠሪ አይደለህም።»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች፤ ግን አልመለሰችውም። ዘመነ ጉርሻውን ቀስ ብሎ ትሪው ላይ መልሶ አስቀመጠ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በመጨረሻ እጁን ታጥቦ ሲነሳ «ማየት አይከለከል» አለ።

ቅዳሜ አብረው ወደ ገበያ ወጡ። የእጅ መሣሪያ የምትሸጠው ሃኒ የምትባል ወጣት ናት፤ ሰማያዊ ካፖርት ለብሳ፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ተቀበለቻቸው። ዕቃ ከማውጣቷ በፊት ጠየቀች። ምን ይሠሩበታል? እንጨቱ ምን ያህል ይወፍራል? ሰፈራችሁ መብራት እንዴት ነው?

የብርጓል ለመልሱ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ከውስጡ የዋንዛ፣ የባሕር ዛፍና የጥድ ቁራጮች፣ ያልተገጠሙም የፍሬም ጎኖች አወጣች።

«እማማ፣ የሠርግ ልብስ የሚገዛ እንኳ እንዲህ ተዘጋጅቶ አይመጣም!» አለች ሃኒ።

«የሠርግ ልብስ የሚለበሰው አንድ ቀን ነው፤ ልጄ» አለቻት።

ሃኒ ሦስት ዓይነት አወጣች። የመጀመሪያው በእጅ ተጨብጦ የታጠፈ ሽቦ በሞላ የሚተኩስ ነው፤ መብራት አይፈልግ፣ አየር አይፈልግ። ዘመነ በሁለት እጁ ጨብጦ ዋንዛው ላይ ሞከረው። ሽቦው ግማሹ ገብቶ ግማሹ ውጭ ቀረ። «ይኼ ጨርቅ ለመወጠር ነው፤ ዋንዛ አይሰማውም» ብሎ መለሰላት። የብርጓል ይህን ስትሰማ ወደ ሌላ ዞራ ነጠላዋን አስተካከለች። ባሏ ስለ እንጨት ሲናገር ከሰማች ወራት አልፈዋል።

ሁለተኛው እንደ ጌቾ ያለ፣ በአየር ሞተር የሚሠራ ነው። «ይኼ ለአባባ ይስማማቸዋል። ቀላል ነው፤ እጅ አያደክምም» አለች ሃኒ። ሚስማሮቹን አሳየቻቸው፤ ራስ የሌላቸው፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጎን ለጎን የተጣበቁ ናቸው። የመሣሪያው አፍንጫ እንጨት ላይ ካልተጫነ ቃታው ቢሳብም እንደማይተኩስ ነገረቻቸው። አንድ ነገርም አጥብቃ አስጠነቀቀቻቸው። «ሚስማሩ እንጨቱ ውስጥ ጠንካራ ቋጠሮ ካገኘ ይጠማዘዝና በጎን ይወጣል። ስለዚህ ጣት ከአፍንጫው ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ።»

ዘመነ ተቀብሎ ወደ እንጨቱ አስጠጋው። እጁ ጀመረ። መሣሪያው ቀላል ስለ ሆነ ከእጁ ጋር ተንቀጠቀጠ፤ አፍንጫው እንጨቱን እንደ ግንደ ቆርቁር ጠቅ ጠቅ ጠቅ አደረገው። ሚስማርና ቀለም ሊገዙ የቆሙ ሁለት ሰዎች አይተው እንዳላዩ ዞሩ። ዘመነ ቃታውን ሳይነካ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ፤ የአየሩ ሞተር አጉረምርሞ ዝም አለ።

«በሉ እንግዲህ፣ መልሱ ይኸው» አለ ዘመነ። «እኔም እሱም እኩል ነን።»

ሦስተኛው መሣሪያ ገና አልተነካም። በባትሪ የሚሠራ፣ ወፍራምና ከባድ ነው፤ ባትሪው ከእጀታው ሥር እንደ ድንጋይ ተንጠልጥሏል። ሃኒ ልታነሳው ፈለገችና ተወችው። «ይኼስ ይከብዳል። ቱቦና ሞተር አይፈልግም፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ ግን አባባን ያደክማቸዋል» አለች።

«እስቲ ከባዱን ስጪው» አለች የብርጓል።

ይህንን ያለችው በዘፈቀደ አይደለም። ከባሏ እጅ ጋር ስትኖር ሐኪም ያልነገራትን አንድ ነገር አይታለች። ባዶ ብርጭቆ ሲይዝ እጁ ይርገፈገፋል፤ ውሃ የሞላ ጀሪካን ሲያነሳ ግን ይረጋል። ይህን ካየች ጀምሮ ውሃ የምትሰጠው በብርጭቆ ሳይሆን በወፍራሙ የሸክላ ዋንጫ ነው። ለእሱ ግን ምክንያቱን ነግራው አታውቅም።

ዘመነ ሳይወድ ተቀበለ። እጁ አንዴ ተወዛወዘ፤ ሁለቴ ተወዛወዘ፤ ከዚያ ቀንበር እንደ ተጫነበት በሬ እየረጋ ሄደ። አፍንጫውን ዋንዛው ላይ አሳርፎ ተጫነው። የተጫነው አፍንጫ ወደ ውስጥ ገባ አለ። ከትከሻው እስከ ጣቱ ድረስ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። ዘመነ እጁን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ አየው። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሰዎች አሁን መዞራቸውን ትተው በግልጽ ያዩ ነበር።

«አሁን ቃታውን ይሳቡ» አለች ሃኒ በቀስታ።

ዘመነ ትንፋሹን ያዘ። ያን ጊዜ የብርጓል ግራ እጅ ከነጠላዋ ሥር ወጣ። ማንም አላዘዘውም፤ እሷም አላወቀችም። ትንፋሹን ሲይዝ መዶሻው ሊወርድ ነው፤ መዶሻው ሲወርድ ደግሞ የእሷ ጣቶች ቦታቸው ይታወቃል። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ መጥተው አፍንጫው እንጨቱን የነካበትን ቦታ፣ ሚስማር ሊኖር የሚገባውን ባዶ ቦታ፣ ቆነጠጡ።

«እማማ!» ብላ ሃኒ ጮኸች።

ጩኸቷ ከመድረሱ በፊት ዘመነ ጣቱን ከቃታው አንስቷል። መሣሪያውን ሁለት እጁን ሰጥቶ ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤ ገና እንደ ተወለደ ሕፃን። ከዚያ ከሱቁ ወጣ።

የብርጓል ተከትላው ስትወጣ፣ ባጃጆች ከሚቆሙበት ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሁለቱንም እጆቹን ጋቢው ውስጥ ሸሽጓቸዋል።

«ቤት እንሂድ» አላት።

«አልሄድም።»

«ጣትሽን ልበሳው ነበር እኮ! መዶሻውስ ጥፍር ነው የነቀለው። ይኼ ነገር አጥንት አይመልሰውም።»

«ልትበሳው ነበር ወይስ በሳኸው?»

ዘመነ እጆቹን ከጋቢው አውጥቶ አያቸው።

«እኔ እጄ ሲሄድ አላየሁትም» አለችው። «የራሴ እጅ ነው፤ አላየሁትም። ያቺ ልጅም ያየችው አንተ ጣትህን ካነሳህ በኋላ ነው። ያየኸው አንተ ነህ። የቆመውም የአንተ እጅ ነው። እና የቱ እጅ ነው የማይታመነው?»

ዘመነ ቀና ብሎ አያት።

«አንተ ታመምክ፤ አልክድም» አለችው። «መማር ያለበት ግን የእኔ እጅ ነው። የአንተማ ገና ሲይዘው አወቀው።»

«ምንድን ነው የምትማሪው?»

«አለመያዝን።»

ይህንን ስትል ድምጿ ተሰበረ፤ እሱም ሰማው። በጋብቻቸው ዘመን ሁሉ አብረው የኖሩበትን ነገር እንደምትሰጠው ገባው። አንድ የባጃጅ ሹፌር ጥሩምባ እየነፋ «ጋሼ፣ ወደ የት ነው?» ቢላቸው ዘመነ «የትም» አለና ተነሳ። ወደ ሱቁ ተመለሱ።

የብርጓል በር ላይ ነጠላዋን አውልቃ ለሃኒ ሰጠቻትና ሁለት እጆቿን ወደ ኋላዋ አዞረች። «እሰሪያቸው።»

«ኧረ እማማ፣ የቁም እስረኛ ላድርግዎት?»

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው። እሰሪ ብዬሻለሁ፤ አትመኛቸው።»

ሃኒ እየሳቀች አሰረችላት። ዘመነ የመከላከያ መነጽር አደረገ፤ ከባዱን መሣሪያ አነሳ፤ ተጫነ፤ ረጋ፤ ትንፋሹን ያዘ። የታሰሩት እጆች ነጠላው ውስጥ ሲንቀሳቀሱ የብርጓል ተሰማት። ጧ!

ዘመነ እንጨቱን አንስቶ ወደ በሩ ብርሃን ይዞት ሄደ። ነጥቡን አየ፤ በጥፍሩ ነካው፤ ጎኑን አየ፤ ገለበጠው። ስንጥቅ የለም። ዋንዛው ምንም እንዳልደረሰበት ሁሉ ዝም ብሏል። ዘመነ ያን ያህል ዓመት ከእንጨት ጋር ታግሎ ኖሯል፤ እንጨት ሚስማር ሲገባበት እንደሚጮህ፣ እንደሚያቃስት፣ አንዳንዴም እንደሚከዳ ያውቃል። ሳይጮህ የተቀበለ እንጨት ሲያይ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። «ጌታ ሆይ» አለ፤ ለማንም አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። ባሕር ዛፉን አምጪ አለ፤ ጥዱን አምጪ አለ። ሚስማሩ ጠልቆ እንዲገባ ወይም ከላይ እንዲቀር የምታደርገዋን ትንሽ መዘውር እያዞረ በቀጭኑ የፍሬም ጎን ላይ ሞከረ። አጭሩንም ረጅሙንም ሚስማር እየቀያየረ፣ ቀጭኑን እንጨት የማይሰነጥቀውን እስኪያገኝ ድረስ ሱቁን ፈተና ቤት አደረገው። በመጨረሻ ሆን ብሎ ቋጠሮ ያለበት ባሕር ዛፍ ላይ ተኮሰ። ሚስማሩ ውስጥ ውስጡን ተጠማዘዘና እንደ እሾህ በጎን በኩል ብቅ አለ። ዘመነ ብቅ ያለበትን ቦታ በጣቱ ነካው። የብርጓል ጣቶች ቀደም ሲል የነበሩት እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። እንጨቱን ለሚስቱ አሳያት፤ አየችው።

«ይኼን እንወስዳለን» አለ ዘመነ።

በዋጋው ላይ ሃኒና የብርጓል የተባባሉት እዚህ አይጻፍም፤ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሰኞ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ። የብርጓል ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ጠበል ይዛ ወደ አዲሱ መሣሪያ ስትጠጋ ዘመነ ከለከላት።

«ውሃ እንዳይነካው ተብሏል።»

«ጠበል ውሃ ነው?»

«ለእኔና ለአንቺ ጠበል ነው። ለባትሪው ውሃ ነው።»

ትንሽ አሰበችና የራሷን ሁለት እጆች ረጨች፤ ከዚያ የእሱን።

ዘመነ በመጀመሪያ የሠራው ፍሬም አልነበረም። በአንድ ወፍራም ጣውላ ላይ ዙሪያውን ትንንሽ የእንጨት ጉጦች መትቶ፣ የፍሬሙ አራት ጎኖች ገብተው የሚያዙበት አልጋ የመሰለ ነገር ሠራ። ከዚያ በኋላ እንጨቱን የሚይዘው ይህ አልጋ ነው፤ ጣት አያስፈልግም። የብርጓል ቆማ ስታየው ያ የጌቾ «ማንም» እንደገና ደረቷን ነካት። ቦታዋን የወሰደው ጣውላ እንደሆነ አየች። ግን ባሏ ጣውላው ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ማዕዘኑን ሲመረምር ደግሞ አየች፤ ይህን ያየ ዓይኗ ሌላውን ይቅር አለ።

«ነይ» አላት። «ጎኖቹን ኮላ ቀቢና አስገቢልኝ። አስገብተሽ እጅሽን ስታነሺ ‹አነሳሁ› በይኝ። ያንን ቃል ሳልሰማ ቃታ አልነካም።»

«ብረሳስ?»

«ከረሳሽ ቆሜ እጠብቃለሁ። እስከ ማታም ቢሆን።»

አራቱን ጎኖች ኮላ ቀብታ ጉጦቹ መካከል አስገባች። ዘመነ አፍንጫውን ማዕዘኑ ላይ አሳርፎ ተጫነ። ትንፋሹን ያዘ። የግራ እጇ ተነሳ፤ እንደ ለመደው ወደ እንጨቱ ሄደ፤ መንገድ ላይ ግን ደረሰችበት። መልሳ ከቀኟ ጋር ደረቷ ላይ አገናኘችው።

«አነሳሁ» አለች።

ጧ!

«አነሳሁ።»

ጧ!

አራተኛው ማዕዘን ሲያልቅ ዘመነ መሣሪያውን አስቀምጦ ፍሬሙን ከአልጋው አወጣ። በሁለት እጁ ይዞ ጠመዘዘው፤ አልተጠመዘዘም። ወደ ብርሃኑ አቅንቶ በመካከሉ ሰማዩን አየበት። እጁ ክብደቱን ስላጣ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ፍሬሙም አብሮት ተንቀጠቀጠ። ዘመነ እጁን ወደ ጋቢው አልመለሰም። በዚያው በሚንቀጠቀጥ እጅ ፍሬሙን ለሚስቱ አቀበላትና፣ ወደ ምናለ ጣውላ ዞሮ ሌላ አራት ጎን መምረጥ ጀመረ።